በቃ የማያውቅ ውሻ

ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው ስለ ኳስ ነው፤ ስለ ዋንጫና ስለ ተጫዋች ዝውውር ግን አይደለም። የምናወራው የወረወርንለትን ኳስ ሮጦ አምጥቶ እግራችን ሥር ስለሚጥል፣ ከዚያም ትክ ብሎ እያየ «ድገም» ስለሚለን ውሻ ነው። ብትደግሙለትም ብትሰልሱለትም ያው ነው፣ በቃኝ አይልም።

እንዲህ ያለ ውሻ ያላችሁ ሰዎች ከየአቅጣጫው የምትሰሙት ምክር አንድ ነው፦ «አድክሙት፣ ይተኛል»። ምክሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራ ይመስላል። ማታ ግማሽ ሰዓት ይወረወርለታል፤ ውሻው ምላሱን አንጠልጥሎ ይጋደማል። ወር ሳይሞላ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ማሟሟቂያ ይሆናል። የማታው ውርወራ ለአንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል፣ ጠዋትም ይጨመራል። ውሻው ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ እረፍት ያጣል፤ በር በተከፈተ ቁጥር ይዘላል፣ ኳስ ሲያጣ የሃይላንድ ክዳንና ጠጠር እያመጣ ይጥላል። በየቀኑ የሚሮጥ አካል መሮጥን ይለምዳላ! ያደከምነው መስሎን ሯጭ አሠለጠንን። የኳስ ልክፍት በብዙ ኳስ አይበርድም። የሚበርደው ጨዋታውን የሚጀምረውም የሚዘጋውም ባለቤቱ ሲሆንና የቀረው ቀን በሌላ ሥራ ሲሞላ ነው።

ፍላጎቱ ከየት መጣ? ውሻ ከተኩላ የወረሰው የአደን ቅደም ተከተል አለ፦ ማየት፣ ማፍጠጥ፣ አድፍጦ መጠጋት፣ ማሳደድ፣ በአፍ መያዝ፣ መግደል፣ መቦጫጨቅ፣ መብላት። ሰው ውሻን ለሥራ ሲያራባ ከዚህ ውስጥ የሚፈልገውን እየሳለ፣ የማይፈልገውን እያደነዘዘ ነው የመጣው። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር በግ ሲነዳ የኖረው ቦርደር ኮሊ ማፍጠጡና ማሳደዱ ተስሎ መግደሉ ደንዝዟል። የተመታ ወፍ ለአዳኙ እንዲያመጣ የተራባው ላብራዶር በአፉ ይዞ መመለስ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመናዊው ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የዘሩን መዝገብ ሲከፍትለት ጀርመን ሼፐርድ የእረኛ ውሻ ነበር፤ የቤልጅየሙ ማሊኑዋም እንዲሁ። ዛሬ ማሊኑዋ ለፖሊስና ለፈንጂ ፍለጋ ሲመረጥ አንዱ መለኪያ ለአሻንጉሊት ያለው ጉጉት ነው፤ ለኳስ ሲል ግድግዳ የሚወጣው ይፈለጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጥበቃ ተብለው የሚገዙ የእነዚህ ዘሮች ቡችሎችም ይህንኑ ጉጉት ይዘው ነው የሚመጡት። እኛ ደግሞ ሥራውን ሳንሰጣቸው ግቢ ውስጥ እናስራቸዋለን። የአገራችን የግቢ ውሻ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቴ አምጥቶ ይተዋል። ጤነኛው እሱ ነው፣ ሰነፍ አትበሉት።

ኳስ ደግሞ የማትሞት አደን ናት። ተያዘች ሲባል ተመልሳ ትበራለች፤ ወደ መቦጫጨቁና ወደ መብላቱ፣ ማለትም ወደሚያረጋጋው የቅደም ተከተሉ መጨረሻ፣ ውሻው አንድም ቀን አይደርስም።

አንጎሉ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለው ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ሥራ፣ ዶፓሚን የተባለውን የጉጉት ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች መጀመሪያ የሚነሣሡት ለሽልማት የተሰጠው ጭማቂ ሲቀመስ እንደነበር፣ እንስሳው ከጭማቂው በፊት የሚመጣውን ምልክት ከለመደ በኋላ ግን ገና ምልክቱ ሲታይ እንደሚነሣሡ አሳይቷል። ቡና ወዳድ ሰው ቡናው ገና ብረት ምጣድ ላይ ሲቆላ የሚነቃው ዓይነት ነገር ነው። ለውሻችሁ ምልክቱ የመሳቢያው ድምፅ ነው፣ የስፖርት ጫማችሁ ነው፣ ክንዳችሁ ወደ ኋላ መሄዱ ነው። ስለዚህ ልክፍቱን ለመያዝ ከውርወራው ቁጥር በፊት እነዚህን ምልክቶች መያዝ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የስዊዘርላንድና የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ባለቤቶቻቸው «ለአሻንጉሊት ይሞታል» ያሏቸውን 105 ውሾች ፈትኖ በ33ቱ ላይ ሱስ የሚመስል ባሕርይ አግኝቷል። አሻንጉሊቱ ከማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ እያለ ምግብ ቢቀርብላቸውም፣ ባለቤታቸው ቢያጫውታቸውም ዓይናቸው ከአሻንጉሊቱ አይነቀልም፤ ከተወሰደ በኋላም ለመረጋጋት ይቸገራሉ። ተመራማሪዎቹ በሰው ላይ የምናውቀው ሱስ ነው ብለው አልደመደሙም፤ ይመስላል ነው ያሉት። ለቤታችሁ ግን ጥሩ መፈተኛ ሰጥተውናል። ኳሱን ውሻው እያየ ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ ዝጉበት። አጠገቡ የተቀቀለ ጉበት በትኑ። ከዚያ ሣጥኑን ከዓይኑ ሰውራችሁ ሰዓት ያዙ። ጉበቱን ለቅሞ፣ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ በ15 ደቂቃ ውስጥ ከተኛ፣ ኳስ የሚወድ ውሻ ነው፤ ብዙ አትጨነቁ። ጉበቱን ረግጦ ሣጥኑን ከቧጠጠ፣ እያለቀሰ ወደተወሰደበት በር ካፈጠጠ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ካላረፈ ከዚህ በኋላ የምንለው ለእሱ ነው።

ከመርሐ ግብሩ በፊት ስለ ሰውነቱ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው «ቢወድ ምን አለበት?» ይላልና። የተለከፈ ውሻ ሕመሙን አይነግራችሁም። በጨዋታው መሃል አያነክስም፤ የሚያነክሰው ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ ነው። ትልቁ ጉዳት ሩጫው ራሱ ሳይሆን በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ድንገት መቆሙና ዘሎ በአየር ላይ መጠምዘዙ ነው። የኋላ እግር ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት በዚህ ይበጠሳል፣ የጭኑ ውስጠኛ ጡንቻ ይሰነጠቃል፣ የፊት እግር አንጓና ጣት ይጎዳል። ሴራሚክ የተነጠፈበት በረንዳ ላይና ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ያንሸራትታል፣ ሌላው መዳፉን ይልጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ፓርኮች የምታዩት ረጅሙ የፕላስቲክ መወርወሪያ ዱላ ለትከሻችሁ ምቹ ነው፤ ለውሻው ግን ፍጥነቱንም ርቀቱንም የሚጨምር ነገር ነው።

የቴኒስ ኳስ ለሰው ጨዋታ የተሠራ ነው። ሱፉ አቧራና አሸዋ ሲይዝ ጥርስ ይሞርዳል። የውሻችሁን ከንፈር ገለጥ አድርጋችሁ ክራንቻዎቹን እዩ፤ ጫፋቸው ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኖ መሃላቸው ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ ጥርሱ እየተበላ ራሱን እየጠገነ ነው። ነጥቡ ጥቁር ሆኖ ቀዳዳ ከመሰለ የጥርሱ ውስጠኛ ነርቭ ሳይጋለጥ አልቀረምና ሐኪም ይየው። በተጨማሪ የቴኒስ ኳስ ስፋቱ ከ6.5 እስከ 6.9 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ አፈ ሰፊ ጀርመን ሼፐርድ ሲዘል ቢቀበለው ጉሮሮው ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል። ለትልቅ ውሻ ከዚህ የሚበልጥ፣ ልስልስ ላስቲክ የሆነ፣ ቢቻል ገመድ የገባበት ኳስ ግዙ። ባዶ የላስቲክ ኳስ ከሆነ ቀዳዳው ሁለት ይሁን፤ ባለ አንድ ቀዳዳ ኳስ አየሩ ሲወጣ ምላስን ስቦ ይይዛል፣ ምላሱም ያብጣል። እንጨት አትወርውሩ። አንዱ ጫፍ መሬት ላይ ተተክሎ ሌላው የውሻውን ላንቃ የሚወጋበት አጋጣሚ ለእንስሳት ሐኪሞች እንግዳ አይደለም።

ሙቀት ሌላው ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 41 ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ድሬዳዋም ሆነ ዱባይ ያላችሁ፣ ጨዋታው ጎሕ ሲቀድ ብቻ ይሁን። ምላሱ ሰፍቶ ጫፉ እንደ ማንኪያ ከተጠቀለለ፣ ሲያለከልክ ድምፅ ካወጣ፣ ከተንገዳገደ ጨዋታው አብቅቷል። ጥላ ሥር አስገብታችሁ መላ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ አፍስሱ፣ በካርቶን አራግቡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ አልብሳችሁ አትተዉት፤ ሙቀቱን ያፍንበታል። በላብራዶር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ተለይቶ የታወቀ የዘር ችግር አለ፤ ያለበት ውሻ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ በጉጉት ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ይህ ድካም አይደለም፣ ውሻው ለዘለቄታው ከኳስ ሩጫ መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ኳስ ሁሉ ከመሬት ይነሣል። ከሶፋ ሥር ያለው፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለው፣ የልጆቹም ጭምር። ፍሪጅ ላይ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ውሻው ፍሪጁን ሲያመልክ ይውላል። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ሆኖ እሱ በማይገባበት ክፍል ይቀመጥ።

ፈተናውን ለወደቀ ውሻ ሁለት ሳምንት ምንም ኳስ እንዳይወረወር እንመክራለን። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሸነፈው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻው ይብስበታል፤ ይጮኻል፣ ጫማ ያመጣል፣ በአፍንጫው እጃችሁን ይገፋል። ይህ የመክሸፍ ምልክት አይደለም። ድሮ ይሠራለት የነበረው ዘዴ አልሠራ ሲለው አጠንክሮ መሞከሩ ነው። በሃያኛው ደቂቃ ሰልችቶት አንድ ጊዜ የወረወረለት ሰው፣ የኳስ ዋጋ የሃያ ደቂቃ ጩኸት መሆኑን ነው ያስተማረው። ስለዚህ ክልከላው የቤቱ ሁሉ መሆን አለበት። ዘበኛው ፀሐይ እየሞቀ በእግሩ የሚገፋለት ጠጠርም ውርወራ ነው። ጋሼን ቁጭ አድርጋችሁ በትሕትና አስረዷቸው፤ ከውሻው ጋር ቀኑን የሚውሉት እሳቸው ናቸውና እሳቸው ካላመኑበት የእናንተ ልፋት ከንቱ ነው። ልጆችም ዝም ብሎ «አትወርውሩ» ከሚባሉ ምግብ የመደበቁ ሥራ ቢሰጣቸው ይሻላል።

ባዶውን ጊዜ ሳይሞሉ ኳስ መንጠቅ ግን ግፍ ነው። የሚሞላው በአፍንጫና በአፍ ነው፤ ማሽተት፣ ማኘክና መላስ ውሻን ያረጋጋሉ፣ ማሳደድ ያነሣሣዋል። የዕለት ምግቡን ግማሽ በሳሕን አትስጡት። ደረቅ ምግብ ከሆነ ሣር ላይ በትኑለት፤ ሣር የሌለው ግቢ ከሆነ የወረቀት የእንቁላል ትሪ ውስጥ ጨምራችሁ በሌላ ትሪ ክደኑት፣ ወይም አሮጌ ፎጣ ላይ ዘርታችሁ ጠቅልሉት። ትሪውን ቢቦጫጭቀው ደስ ይበላችሁ፤ ያ የአደኑ መጨረሻ ነው፣ ወረቀቱን እንዳይውጥ ብቻ ጠብቁ። በቀን አንዴ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚረዝም ገመድ፣ እሱ እየመራ ያሽትት። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ሦስት ደቂቃ ቢቆም አትጎትቱት። ለማኘክ ትልቅ ካሮት ወይም ቅንጬ የተሞላ ባዶ የላስቲክ መጫወቻ፣ ኮንግ የሚባለው ዓይነት፣ በረዶ ቤት አድሮ ይሰጠው። የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የወጥ ትራፊም ለማባበያ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ማባበያችሁ ሳይቀመም የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ፣ የሽምብራ ፍሬ አክሎ የተቆረጠ ይሁን።

በነዚሁ ሁለት ሳምንታት ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው ቦታውን ነው። የታጠፈ ጆንያ ወይም ምንጣፍ አንጥፉ፤ ሲረግጠው ጉበት፣ ሲቀመጥ ጉበት፣ ሲጋደም ጉበት መሬት ላይ አኑሩለት። በመጀመሪያ በየ3 ሴኮንዱ፣ ከዚያ በየ10፣ በሳምንቱ መጨረሻ በየደቂቃው። ሽልማቱን በአየር አትወርውሩለት፤ ያኔ ጉበቱም ኳስ ሆነ።

ሁለተኛው «ልቀቅ» ነው። በኳስ ሳይሆን ብዙም በማያጓጓው ነገር፣ ለምሳሌ በተቋጠረ ገመድ ይጀመራል። ገመዱን ይያዝ፤ እናንተ መጎተት አቁሙና እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። «ልቀቅ» በሉ፤ አንድ ሴኮንድ ቆይታችሁ ጉበቱን አፍንጫው ላይ አድርሱ። ሲለቅ ይብላ፣ ወዲያው ገመዱን መልሱለት። መመለሱ ዋናው ነው፤ መልቀቅ ማጣት አለመሆኑን የሚያምነው በዚህ ነው። የሚበላሸውም እዚህ ነው፦ ሰዎች ጉበቱን አስቀድመው ያሳዩና ቃሉን ኋላ ይናገራሉ፤ ውሻው ቃሉን ሳይሆን እጃችሁን ይማራል፣ ባዶ እጅ ሲያይ አይለቅም። ከአፉ መንጭቆ መውሰድ ደግሞ ጥርሱን ማጥበቅ ነው የሚያስተምረው። ትእዛዙ «ልቀቅ»ም ሆነ በእንግሊዝኛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንዱን ይያዝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኳሷ ትመለሳለች፤ ግን ሌላ ጨዋታ ሆና። በሳምንት ከሦስት ቀን አይበልጥም፤ ሰዓቱም ቦታውም ይለዋወጥ፤ ጫማ ባጠለቃችሁ ቁጥር እንዳይንቀጠቀጥ ያለ ኳስም ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ። አስቀድሞ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በገመድ ይራመድ። ከዚያ ቁጭ ይበል። ኳሷን ዝቅ አድርጋችሁ መሬት ለመሬት አንከባልሏት፤ እስክትቆም ይጠብቅ፣ ከቆመች በኋላ «አምጣ» ይባላል። ለቆመ ኳስ የሚሄድ ውሻ አይዘልም፣ አይጠመዘዝም፣ ከሁሉ በላይ ራሱን መግዛት ይለማመዳል። መጠበቅ ካቃተው ገመዱን አሳጥሩ፣ ርቀቱን ወደ 2 ሜትር አውርዱ። ከሁለት አንዱን ደግሞ አትወርውሩ፤ ኳሷን ሣር ውስጥ ወይም ከአበባ መትከያ ጀርባ ደብቁና «ፈልግ» በሉት። አምስት ደቂቃ በአፍንጫው መፈለግ ከሃያ ሩጫ ይልቅ ያረጋጋዋል።

ጠቅላላው ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ነው፤ በየመሃሉ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ዕረፍት። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፦ «ልቀቅ»፣ ከዚያ «በቃ»፤ አንድ እፍኝ ምግብ ሣሩ ላይ ይበተናል፣ እሱ ሲለቅም ኳሷ ኪስ ትገባለች፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። «በቃ» ካላችሁ በኋላ አንድ ለመንገድ ብላችሁ አትወርውሩ። ውሻው «በቃ»ን የሚያምነው ዋሽታችሁት የማታውቁ ከሆነ ብቻ ነው።

ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቱን እንመልስ። «ውሻችን ቀን በሰንሰለት ነው፤ ኳሱ ብቻ ነው ደስታው፤ ይህንንም እንውሰድበት?» ተብሏል። አይ፤ እንዲህ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ከሰንሰለት የሚወጣበት ሰዓትና የማሽተት ጉዞ ይጀመር፣ ሳምንት ያህል ከሄደ በኋላ ኳሱ ይነሣ። ቀን ሙሉ ታስሮ ለሚውል ውሻ ልክፍቱ የሰንሰለቱ ውጤት ሊሆን ይችላል።

የሌዘር መብራትስ? አታስቡት። ፈጽሞ የማይያዝ አደን ነው፤ ግድግዳ ላይ ጥላና ነጸብራቅ ሲያሳድድ የሚውል ውሻ ሊያተርፍላችሁ ይችላል። ጥላ የሚያሳድድ፣ ጭራውን እየዞረ የሚነክስ፣ ወይም ድሮ እርጋታ ኖሮት በእርጅናው ድንገት የተለከፈ ውሻ ካላችሁ ይህ መርሐ ግብር ብቻውን አይበቃም፤ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪም ይመርምረው። ሐኪሙ ጭንቀት የሚያስታግሰውን ፍሉኦክሰቲንን የመሰለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ውጤቱ ለመታየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳልና በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አታቋርጡ። የሰው መድኃኒት በግምት መስጠት ክልክል ነው።

ቡችላን በተመለከተ፣ የአጥንቱ ማደጊያ እስኪገጥም፣ ትልልቆቹ ዘሮች ላይ እስከ 18 ወር ድረስ፣ ዝላይና ድንገተኛ ማቆም የለበትም። ማንከባለልና መደበቅ ብቻ።

ኳስ ሲወሰድበት የሚያጉረመርም ውሻ ላይ እጅ አይዘረጋም፤ ጉበቱን ሁለት ሜትር ርቃችሁ በትናችሁ እሱ ሲሄድ ነው ኳሱ የሚነሣው። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጊዜው ማለፍ አለማለፉንም ዛሬውኑ አረጋግጡ።

የመጨረሻው ጥያቄ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከሚኖሩ ነው። ኮሪደር ላይና ደረጃ ላይ አትወርውሩ፤ ጎረቤትም ይጣላችኋል፣ ጉልበቱም ይሄዳል። ሦስት ባዶ ካርቶን ሳሎን ውስጥ ደርድሩ። ውሻው በር ላይ ይጠብቅ፤ ኳሷን አንዱ ውስጥ ጨምራችሁ ሦስቱንም በአሮጌ ልብስ ሸፍኗቸው፤ «ፈልግ» በሉት። ሲያገኛት በጉበት ለውጡት። ከሦስቱ ውስጥ በቀላሉ ካገኛት ካርቶኖቹን አምስት አድርጓቸው፣ አንዱንም ወንበር ላይ አስቀምጡት።